121 ወይስ 122

ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ጠዋት ካፊያ። ከሰዓት ፀሐይ ወጣች፤ አትሞቅም።

የካዛንቺሷ ደወለች። ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ ዕቃው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቆልሏል። የአባቷ የቆርቆሮ ሳጥን ከሁሉም ሥር። "ቶሎ ካልመጣሽ ልጆቹ ይበታትኑታል" አለች። ሄድኩ።

ሳጥኑ ውስጥ፦ የናፍታሊን ሽታ። ብል የበላው የሱፍ ካፖርት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሥልጠና ወረቀት። የጡረታ ደብተር። በፌስታል የታሰሩ ፎቶዎች፣ ግማሾቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። አንድ የትከሻ ምልክት፤ ቀይ ክብ፣ መሀሉ ላይ ጫፍ ለጫፍ የተገናኙ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች። የአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር። ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት የላከችው ቃኘው ሻለቃ የተመደበው በዚያ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ነው። አባቷ ኮሪያ መዝመታቸውን ቤተሰቡም ያውቃል። የማያውቁት በየትኛው ዙር ቃኘው እንደሆነ ነው። አንደኛ? ሁለተኛ? ሦስተኛ?

ከአንዱ ፎቶ ጀርባ በቀይ እስክሪብቶ፦ "ሰኔ 1945"። የልጅ ልጃቸው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ "ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያለቀበት ዓመት አይደል?" አለ። በእኛው አቆጣጠር ነው እንጂ፤ በፈረንጅ 1953። የተኩስ አቁሙ ስምምነት የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው። ፎቶው ወር ገደማ ሲቀረው የተነሣ ነው ማለት ነው። ሦስተኛው ቃኘው።

ልጁ በስልኩ አሰላና "እውነትሽን ነው" አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብሎ አየ።

ኢንተርኔት ላይ በምናወጣው የዘማቾች ማኅደር በየፎቶው ሥር ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። እዚያ 1945 የሚል ያየ ሰው የሚያስበው ሂትለርን ነው።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

የተጣበቁትን ፎቶዎች አልነካሁም። በጉልበት ከተላቀቁ ምስሉ ከወረቀቱ ይገፈፋል። ባለሙያ ይያቸው። የተለያዩትን በ600 ዲፒአይ ስካን፣ ፊትና ጀርባ። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ እንዳለ ይገለበጥ፤ ፊደሉ ቢሳሳትም አይታረም።

ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ቡና አፈላሁ።

ቴሌግራም ላይ "ጀግኖች አባቶቻችን በኮሪያ" የሚል ፎቶ ይዞራል። ወታደሮቹ ጥቁሮች ናቸው፣ ተራራው በረዶ ለብሷል። ትከሻቸው ላይ ግን ቅጠልና መብረቅ። ያ 25ኛ ክፍለ ጦር ነው፤ 24ኛው ሬጅመንት ውስጥ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሳይሆኑ አይቀሩም። ጻፍኩላቸው። መልስ የለም። ፎቶው ግን መዞሩን ቀጥሏል።

የሌላ ሰው አባት ነው። እዚያም አንድ ቤት ውስጥ የሚፈልገው ይኖራል።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ኮሪያ ሰፈር። ሻምበል። 94 ዓመታቸው። ጠዋት ጠዋት ነው ደህና የሚሆኑት፤ ከምሳ በኋላ ይደክማቸዋል። ሲዘምቱ ተራ ወታደር ነበሩ፣ የክብር ዘበኛ።

ሚያዝያ 1943። ከአዲስ አበባ በባቡር እስከ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ "ጄኔራል ማክሬ" በምትባል የአሜሪካ መርከብ እስከ ፑሳን። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አለፉት። ፑሳን ሲደርሱ አሜሪካኖቹ ጠመንጃ ቀየሩላቸው። እዚህ ላይ ቆሙ። ብርድ ልብሱን ከጉልበታቸው ገፍተው ኤም ዋኑን በባዶ እጃቸው ፈቱት። እያንዳንዱን ዕቃ በቦታው፣ በተራ፣ አልጋው ላይ አስቀመጡ። መልሰው ገጠሙት። ካሜራ የያዘው ልጅ ፊታቸውን ነበር የሚቀርጸው። "እጃቸውን!" አልኩት በሹክሹክታ።

ከዚያ፦ "253 ጊዜ ገጠምን፣ 253 ጊዜ አሸነፍን። አንድም የተማረከ የለም፤ ሬሳም ጥለን አልመጣንም።" እንደ ውዳሴ ማርያም በቃል የተያዘ ነው። ሌሎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው፣ ቃል በቃል። የተማረከ አለመኖሩን ሁሉም መዝገብ ይመሰክራል። 253 ግን ምን ምን ተቆጥሮ? የሌሊት ቅኝት ይገባል? አምስት ሰው ሆኖ ሽቦ ቆርጦ መመለስስ? ልጠይቃቸው አሰብኩና ተውኩት። ቁጥሩን ሲናገሩ ወገባቸው ይቀናል።

የልጃቸው ሚስት ሻይ አመጣች። "አባባ፣ መድኃኒትዎን" አለች። ቀረጻው በዚህ ያበቃል።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ቁጥር።

የሞቱት በአንዱ ወረቀት 121፣ በሌላው 122። የቆሰሉት 536፤ እዚህ ላይ ብዙዎቹ ይስማማሉ። የዘመቱት 3,518፣ ወይም 6,037። ይህኛው ልዩነት ይገባኛል። ሦስቱ ቃኘዎች በጦርነቱ ጊዜ፣ አራተኛውና አምስተኛው ከተኩስ አቁሙ በኋላ። ትልቁ ቁጥር ሁሉንም ይይዛል።

121 እና 122 ግን። አንድ ሰው ነው ልዩነቱ። አንድ ሰው ስም አለው።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ሾላ። ሃምሳ አለቃው። አራተኛ ቃኘው። በር ላይ ቆመው ነበር የጠበቁኝ፣ ሜዳሊያቸውን ሁሉ ደርድረው።

"እኔ ጥይት አልተኮስኩም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ" አሉ። ሲሚንቶና እንጨት ነው የተሸከሙት። ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ የእኛ ወታደሮች የከፈቱት የሕፃናት ማሳደጊያ ነበር፤ ወላጆቻቸው በጦርነቱ ያለቁባቸው ልጆች። ፎቶ አሳዩኝ። አንድ ቀጭን ወታደር፣ ጭኑ ላይ ካፖርት ውስጥ የተጠቀለለች ልጅ። "ስም አውጥተንላት ነበር። አሁን ጠፋኝ።" ሚስታቸውን ጠሩ። እሳቸውም አያስታውሱትም። ባልና ሚስት ስም ሲፈልጉ ሩብ ሰዓት ያህል ሄደ።

ማሞ ወልዴም ከተኩስ አቁሙ በኋላ ከሄዱት ነው። በ1961 ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ ሃምሳ አለቃው "የእኛ ነው" ብለው ሰፈሩን ጠላ ጋብዘዋል። አበበ ቢቂላም ኮሪያ ነበር የሚሉ አሉ። ማስረጃ እስካላይ አልጽፈውም።

ስወጣ፦ "ዝርዝሩ ላይ እኛን ትጽፊናለሽ? ወይስ የተዋጉትን ብቻ?"

ሁሉንም እጽፋለሁ አልኩ። ይህን ስል ግን 3,518 የሚለውን ቁጥር የድረ ገጹ ፊት ላይ በትልቁ የጻፈውን፣ ኢንተርኔት ላይ የሚያወጣልንን ልጅ አሰብኩ። ይነገረው።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ቀዝቃዛ ጠዋት። ሰማዩ ጥርት ብሏል።

እትዬ፣ የመቶ አለቃው ልጅ። አባቷ አንደኛው ቃኘው ናቸው፤ መስከረም 1944፣ 602 ከፍታ ላይ ቆስለዋል። የመድፍ ፍንጣሪ፣ ሳምባቸው አጠገብ። ሊያወጡት አልደፈሩም። ከነፍንጣሪው አገር ገቡ፣ አገቡ፣ እሷን ወለዱ። በ1951 አረፉ፤ እሷ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት አለ። የሞት ምክንያት፣ በጦር ሜዳ የደረሰ ጉዳት። ማኅተሙ ደብዝዟል ግን ይነበባል።

"አባቴ ከ536ቱ ነው ከ121ዱ?"

ከ536ቱ ይመስለኛል አልኩ።

"ከ536ቱ ወደ 121ዱ መቼ ነው የሚሻገረው?"

ወረቀቱን ስካን አደረግኩ። ሌላ ምን እላለሁ። ቂጣ በማር አቀረበችልኝ፣ በላሁ።

ማታ፦ 122ኛው ሰው እንዲህ ያለ ይሆን? ሆስፒታል ቆይቶ ያረፈ? ግምት ነው። ግምት አይጻፍም። እዚህ ደብተር ላይ ግን ይጻፋል።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ስም።

አሜሪካኖቹ በታይፕ የጻፉት ዝርዝር ኮፒ አለኝ። የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ፊት ላይ ነው ያስቀመጡት። አንዱ ሰው በሦስት ገጽ ላይ በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፏል። ሦስት ሰው ይመስላል። በሌላ በኩል እውነተኛ ሞክሼዎች አሉ፤ በራስም በአባትም አንድ ዓይነት ስም፣ በአንድ ሻምበል ጦር ውስጥ። የሚለያቸው የመለያ ቁጥራቸው ብቻ ነው፤ ቁጥሩን ደግሞ ቤተሰብ አያውቀውም።

ለሻምበል ደወልኩ። ስሙን እንደነገርኳቸው፦ "የቱ? ቀዩ ነው ረጅሙ?"

አላውቅም አባባ።

"ቀዩ የጅሩ ሰው ነው፣ ቀረርቶ ይችላል። ረጅሙ የወለጋ ነው፣ ሬዲዮ ይሸከም ነበር።"

በቃ። ሰባ ዓመት ያለፈው ዝርዝር በአንድ ስልክ ተፈታ። በሰንጠረዡ ላይ ሁለት አምድ ጨመርኩ፦ የአያት ስም፣ የቅጽል ስም። የትውልድ ቦታም። ሻምበልን በየቀኑ ብደውልላቸው ደስ ይለኛል፤ የልጃቸው ሚስት ግን ትቆጣለች። ልክ ናት።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ኅዳር ሲታጠን። ከተማው ጢስ ነው። ልብሴም፣ ፀጉሬም፣ ስካነሩም።

ኮሪያ ሰፈር፣ ሌላ ቤት። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል። እማማ እንጨት የመሰለ እጃቸውን ዘርግተው አጥሩ ጥግ የሚነደውን ቆሻሻ አሳዩኝ። "ወረቀቱን እዚያ ነው ያቃጠለው።" በደርግ ጊዜ። መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆኖ፣ ደቡብ ሄዶ የተዋጋ ሰው ዝም ማለት የሚሻለው ጊዜ። ሌላ ቀን ወረቀት ቢያቃጥሉ ጎረቤት ምን ተቃጠለ ይላል። ኅዳር 12 ሁሉም ቤት ያጨሳል። ያን ቀን ጠብቀው የምስጋና ወረቀቱን፣ ደብዳቤውን፣ ፎቶውን አንድ ላይ አቃጠሉት።

"ሜዳሊያውስ?"

"ብረት አይነድም። ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ቤቱ ሲሠራ መሠረት ሆነ።"

የሳቁ መሰለኝ። ጢሱ ያስላቸው ነበር፣ አልለየሁትም።

ስለዚህ የዚህ ሰው ፋይል ባዶ ነው። ፎቶ የለ፣ ወረቀት የለ። የሚስቱ ድምፅ ብቻ፣ 41 ደቂቃ። በሩቅ ሳል ይሰማል። አላጸዳውም።

ሲመሽ በቸርችል ጎዳና ተመለስኩ። ትግላችን ሐውልት፣ ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት። በእኛ አቆጣጠር በ1977 ተመረቀ፤ ቅርጻ ቅርጹን የሠሩት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው። በአፍንጮ በር ያለው የቃኘው መታሰቢያ በፈረንጅ 2006 ነው የተከፈተው፣ የቹንቾን ከተማ አግዞ። በሁለቱ መካከል ከሃያ ዓመት በላይ አለ። እማማ የሁለቱንም ምርቃት በሬዲዮ ሰምተዋል።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ዛሬ 50 ዓመት። ኅዳር 14 ቀን 1967፣ ደርግ ስድሳዎቹን ባለሥልጣናት የረሸነበት ቀን።

ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ከነሱ አንዱ ናቸው። ኮሪያ ላይ ኮሎኔል ሆነው የኢትዮጵያን ዘማች ጦር በበላይነት የመሩት። በኋላም ኮንጎ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር አዘዋል። ከሁለቱም ተመለሱ። አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ።

በዝርዝሬ ላይ ስማቸው አለ። ከጎኑ "በሰላም ተመለሱ" ይላል።

ብዙ ሰዓት ይህን መስመር ሳየው ዋልኩ። ትክክል ነው። በሰላም ተመልሰዋል። ትክክል አይመስልም።

ጾም ነገ ይገባል። አንድ ኪሎ ሥጋ ገዝቼ ለብቻዬ ጠበስኩ።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ማርሻል የተባለው የአሜሪካ ወታደራዊ ጸሐፊ ፖርክ ቾፕ ሂል የሚል መጽሐፍ አለው፣ በፈረንጅ 1956 የታተመ። ስለ እኛዎቹ የሌሊት ቅኝት በሰፊው ጽፏል። አሠራሩ ደስ ይለኛል። ከውጊያ የተመለሱትን ወዲያው በአንድ ላይ ሰብስቦ ነው የሚጠይቅ። አንዱ ሲናገር ሌላው ያርመዋል። ጭቃው ከጫማቸው ሳይደርቅ።

እኛ የምንጠይቀው ከሰባ ዓመት በኋላ ነው፣ አንድ በአንድ፣ የሚያርም ባልንጀራ በሌለበት።

የቃኘው መኮንን ዘነቀ አስፋው የመራውን ቅኝት የሚተርከውን ክፍል በአማርኛ ቃል በቃል ሳይሆን በጥቅሉ ለሻምበል ነገርኳቸው። በጸጥታ አዳመጡ። "ጥሩ ጽፏል" አሉ። ቀጥለው፦ "ስለ ብርዱ አልነገረሽም? ሌሊት አድፍጠሽ ስትጠብቂ ጠላት አይደለም የሚያስፈራሽ፣ ሳል ነው። ሳል የያዘው ሰው አይወጣም። አንድ ልጅ ሳሉን ደብቆ ወጣ።"

ከዚያስ?

"ከዚያማ ሳለ።"

ከዚህ በላይ አልሄዱም። የልጁን ስም ጠየቅኩ። ወደ ግድግዳው ዞሩ። ጊዜው ከምሳ በኋላ ነበር።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ካሴት መጣ፣ በሰው እጅ። የልጁ መልእክት፦ "አባቴ በ1986 የተናገረው ነው። ሌላ ኮፒ የለንም።"

ሽፋኑ ላይ ነጭ ነገር። ሻጋታ ይሆን አቧራ? በጥጥ ጠረግኩት። ወደፊትና ወደኋላ በዝግታ አጠነጠንኩት፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ አጫወትኩት፣ በኮምፒውተር እየቀዳሁ። ፊተኛው ገጽ ኮሪያ። ጥሩ ድምፅ፣ ቀልደኛ ሰው። ከቤት የተላከ በርበሬ ፑሳን ሲደርስ ጆንያው ተቀዶ መላው መጋዘን ሲያስነጥስ።

ኋለኛው ገጽ ታኅሣሥ 1953፣ የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ።

ሰባት ደቂቃ ገደማ ሲሄድ አቆምኩና ለልጁ ደወልኩ። እዚያ ጠዋት ነው። ዝም አለ። "ይሄኛውን ኢንተርኔት ላይ አታውጪው። እማዬ በሕይወት አለች።" ከአንድ ሰዓት በኋላ እህቱ ደወለች፣ እዚሁ ቦሌ ናት። "ይውጣ። አባዬ እንዲሰማ ብሎ ነው የተቀዳው።"

ሁለቱም ልጆቹ ናቸው። እኔ ማን ነኝ?

ለጊዜው፦ ሁለቱም ገጽ ይቀመጥ። ፊተኛው ይውጣ። ኋለኛው በቤተሰብ ፈቃድ እስኪስማሙ ተይዟል የሚል መስመር ይግባ። መኖሩ ይታወቅ።

ኅዳር 30፣ ሰኞ

አመዳይ። የመኪና መስታወት ሁሉ ነጭ።

የካዛንቺሷ የልጅ ልጅ መጣ። ኮሪያ ለዘማች የልጅ ልጆች ከምትሰጠው የነጻ ትምህርት ዕድል ለአንዱ ሊያመለክት ነው። የአያቱን መዝመት የሚያረጋግጥ ወረቀት ይፈልጋል። ከሳጥኑ የወጣው የሥልጠና ወረቀት በቂ ይሆን? ጥርት ያለ ኮፒ ሰጠሁት። ሰኔ 1945 የሚለውንም ፎቶ ጨመርኩለት፣ ከማብራሪያ ጋር።

ታሪክ ማስቀመጥ እንደሆነ ነበር የማስበው። ለቤተሰቦቹ ግን ወረቀቱ አሁንም ሥራ ላይ ነው። ለጡረታ ጠይቀውበታል፣ ለቦታ ተከራክረውበታል፣ አሁን ለቪዛ።

አጎቱ ጫማ ሻጭ ነው። "እሱ ከሄደ ሳጥኑን ማን ይጠብቀዋል?" አለኝ በስልክ። ቅሬታ ነበረበት። እሱም የልጅ ልጅ ሳይሆን ልጅ ነው፤ ዕድሜው አልፏል።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ሻምበል ራሳቸው አስደወሉልኝ። "ዛሬ ነይ፣ ካሜራውን አታምጪ።"

ትናንት ታኅሣሥ 4 ነበር። የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ የተጀመረበት። ክብር ዘበኛ፣ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ። ሻምበል ያኔ ኮንጎ ነበሩ፣ በተባበሩት መንግሥታት ጦር ውስጥ። "እግዜር አርቆኝ" አሉ። ባልንጀሮቻቸው ግን እዚህ ነበሩ። ኮሪያ ላይ አንድ ምሽግ ውስጥ ያደሩ ሰዎች እዚህ ከተማ መሀል፣ ጃንሜዳ አካባቢ፣ ከጦር ሠራዊቱ ጋር ተታኮሱ። ቃኘው ሲደራጅ የክብር ዘበኛው አዛዥ የነበሩት ሙሉጌታ ቡሊ ገነተ ልዑል ውስጥ ከታገቱት ጋር ተገደሉ። የገደሏቸው የገዛ ጦራቸው መኮንኖች ናቸው።

"ከኮንጎ ስመለስ ሰፈሩ የለም። የታሰረ፣ የተበተነ፣ የሞተ። ስማቸውን የሚጠራ የለም። ሰላም የሚለኝም ዘወር ብሎ ነው።"

ስማቸውን ይጥሩልኝ አልኩ። ጠሩ። በእጄ ጻፍኩ። ካሴቱ ላይ የሰማሁት አንድ ስም እዚህም አለ።

"ይህን ኢንተርኔት ላይ ታወጪዋለሽ?"

አላወቅኩም አባባ።

"አታውጪው። ከቃኘው ጋር ምን አገናኘው? ቃኘው ኮሪያ ነው። ንጹሕ ነው፣ ንጹሕ ይሁን።"

በታክሲ በስድስት ኪሎ አለፍኩ። ገነተ ልዑል አሁን ዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪዎች በሩ ላይ ቆሎ ይገዛሉ። ንጹሕ የሚለው ቃላቸው ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ። ይገባኛል። ከዚያ በኋላ በመጣው ሁሉ መካከል አንድ ንጹሕ ነገር ያስፈልጋቸዋል። ግን ስማቸውን የጠሯቸው ሰዎችም ቃኘው ነበሩ። ለምን ነገሩኝ ታዲያ? አውጪው ለማለት? ወይስ አንድ ሰው እንዲያውቅ ብቻ?

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

ምንም አልሠራሁም። ጉንፋን። ዝንጅብል።

ተኝቼ ሳስብ፦ በፑሳኑ የተባበሩት መንግሥታት መቃብር የኢትዮጵያ ወታደር የለም። አስከሬኖቹ ሁሉ ወደ አገር ተመልሰዋል። ሬሳ ጥለን አልመጣንም የሚሉት ለዚህም ነው። እዚያ ስም በድንጋይ ላይ በረድፍ፣ በንጽሕና። እዚህ ግን አገር ቤት የሞቱት የት የት እንዳሉ የሚያውቅ የቤተሰቡ ሰው ብቻ ነው፤ አንዳንዱም አያውቅም።

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

ሃርድ ዲስክ ሁለት። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እህቴ ቤት። ፋይሎቹን በቤተሰብ ሳይሆን በሰው ስም ብናደርጋቸው ይሻላል፤ ቤተሰብ ይጣላል።

ሰንጠረዡ ላይ አዲስ አምድ ከፈትኩ፦ "ከኮሪያ በኋላ"። የመቶ አለቃው፦ በ1951 በቁስሉ አረፉ። ጄኔራሉ፦ ኅዳር 14 ቀን 1967። ሃምሳ አለቃው፦ ሾላ፣ በሕይወት። የእማማ ባል፦ ወረቀታቸውን ራሳቸው አቃጠሉ። ቀዩ፣ የጅሩ ሰው፦ ባዶ። ረጅሙ፦ ባዶ።

121ን አልነካሁትም። 122ንም። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፍኩ፣ ምንጫቸውን ከሥራቸው። የሚጠይቅ ይጠይቅ።

ኢንተርኔት ላይ የሚያወጣው ልጅ አምዱን አይቶ "የወታደር ዩኒት ታሪክ እንዲህ አይጻፍም" አለ። "ጦሩ ሲመሠረት ይጀምራል፣ ሲበተን ያልቃል።" ልክ ሊሆን ይችላል። መቼ ተበተነ ታዲያ? የመጨረሻዎቹ ከኮሪያ ሲመለሱ? በ1953? በ1967? መልስ አልነበረውም፣ እኔም የለኝ።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ገብርኤል። መንገዱ ነጠላ ለባሽ ሞልቶታል፤ ታክሲ አጣሁ።

ዝርዝሩን አትሜ ለሻምበል ወሰድኩላቸው። በአጉሊ መነጽር ተራ በተራ አነበቡ፣ ሁለት ሰዓት ያህል። በእርሳስ ማዕረግ አረሙ። አንድ መንደር አስተካከሉ። "ከኮሪያ በኋላ" የሚለው አምድ ላይ ሲደርሱ አቆሙ። ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩበት።

እሺ አባባ አልኩ።

ወረቀቱን ሊመልሱልኝ ሲሉ እንደገና ወሰዱት። ከቀዩ ትይዩ፣ ከሰረዙት አምድ ውስጥ፣ "ታኅሣሥ 1953፣ ጃንሜዳ" ብለው ጻፉ። ከረጅሙ ትይዩ "ኮንጎ አብረን ነበርን፤ ኋላ አላየሁትም"። ምንም አላሉም። እኔም አልጠየቅኩም።

አሁን መስመሩንም ጽሑፉንም ምን እንደማደርጋቸው አላውቅም። ልሰርዘው የተነገረኝ አምድ ውስጥ የሻምበል የእጅ ጽሑፍ አለ። ሰኞ ለእትዬ አሳያታለሁ። ለሲልቨር ስፕሪንጉና ለእህቱ ደግሞ አንድ ላይ እጽፍላቸዋለሁ፣ በአንድ መልእክት፣ እየተያዩ እንዲመልሱ። ከገና በፊት ምንም አላወጣም።

የሾላው ሃምሳ አለቃም ደውለው ነበር። የልጅቷ ስም ትዝ ብሏቸዋል፤ በስልክ አልነግርሽም፣ መጥተሽ ቅጂኝ አሉ።